እትዬ ቶንግ ፍሬያቸውን የከለከሉበት መጸው

በቻይና አቆጣጠር የነብር ዓመት ነበር። እንዲህ እላለሁና መልሼ እጠራጠራለሁ፤ ምናልባት የጥንቸሉ ዓመት መጸው ይሆናል። ሚስቴን ብጠይቃት የጥንቸሉ ነው ትለኛለች። ግን እሷ ያኔ ገና ወደ ግቢያችን አልመጣችም፤ የምትነግረኝ እኔው አንድ ቀን የነገርኳትን ነው። እርግጠኛ የምሆንበት ነገር ቢኖር የግቢያችን ሰው ይሠራበት የነበረው የወረቀት ፋብሪካ ተዘግቶ ሳይረኑ መጮህ ማቆሙ ብቻ ነው። ሳይረኑ ከቆመ በኋላ የግቢያችን ሰው ያለ ሰዓቱ እየተነሣ፣ ያለ ሰዓቱ እየበላ፣ ወራቱን ከወራት እያደባለቀ ነው የኖረው። ዓመቱ የጠፋብኝ እኔ ብቻ አይደለሁም።

በዓለም ላይ ያለ የመኖሪያ ግቢ ሁሉ ሕክምና ያልተማረ አንድ ሐኪም አለው። ይህን ያለ ምንም ጥናት ነው የምናገረው፤ የሚከራከረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሳልህ ከጉሮሮህ ወጥቶ አየር ላይ ሳይበተን መድኃኒቱን ይዞ ፊትህ የሚቆም ሰው ማለቴ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ለሁሉም በሽታ አንድ ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ይሆናል፤ ሌላው ውስጥ ፍል ውሃ፤ ከወንዙ ማዶ ባለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ግቢ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ኋላ መራመድ ነበር፤ በዚህም የተነሣ እዚያ ሰው ከሰው ሲጋጭ ይውላል። በእኛ ግቢ መድኃኒቱ ፍሬ ነበር። ሐኪሟም እትዬ ቶንግ።

ሙሉ ማዕረጋቸውን ልናገር፦ ክብርት እትዬ ቶንግ ፌንግቺን፣ የቀድሞው የወረቀት ፋብሪካ መመገቢያ አዳራሽ የጎመን ክፍል ኃላፊ፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው መስኮት ባለቤት፣ የባለ አምስት ጣዕሟ ፍሬ ሊቀ ጠበብት።

ፍሬዋን የቻንግባይ ተራራ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ዛፍ ላይ የምትጠመጠም ሐረግ ናት፤ መጸው ሲገባ እንደ ቀይ ጨሌ ትንዠረገጋለች። ስሟ ራሱ አምስት ጣዕም ማለት ነው። ቆዳዋ ይጣፍጣል፣ ሥጋዋ ይኮመጥጣል፣ ዘሯ ሲሰበር ይመራል፣ ያቃጥላልም፣ በመጨረሻ ምላስ ላይ የሚቀረው ደግሞ ጨው ጨው ይላል። እትዬ ቶንግ ይህን ሲያስረዱ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያጥፋሉ፤ ጉበት፣ ልብ፣ ጣፊያ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት። ጣቶቹ ሲያልቁ እጃቸው ጡጫ ይሆናል። ጡጫውን ደረትህ ላይ ያሳርፉና፣

“አምስት ጣዕም፣ አምስት አካል! ምን ቀረህ?” ይላሉ።

የቀረህ ነገር ቢኖርም ከዚያ ጡጫ ፊት አትናገረውም።

ሁለተኛው አባባላቸው ስለ ዘሩ ነው። ፍሬዋን እንዲሁ ከነዘሯ የሚያፈላ ሰው ለእሳቸው ሩዙን ሳይቀቅል እንግዳ ፊት እንደሚያቀርብ ሰው ነው። “ዘሩን ወቅጠው! ካልወቀጥከው የጠጣኸው ኮምጣጣ ውሃ ነው!” ለዚህ ሥራ ከእናታቸው የወረሱት የነሐስ ሙቀጫ ነበራቸው። ሳይረኑ ዝም ካለ በኋላ ጠዋት ጠዋት ግቢውን የሚቀሰቅሰው ይኸው ሙቀጫ ሆነ። ጎረቤቶች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ትንሽ ቆይተው ልጆቻቸውን “የቶንግ ሙቀጫ ሳይጮህ ፊትህን ታጠብ” ማለት ጀመሩ።

አንድ ሰሞን ሹፌሩ ቹ መሪ ላይ እንቅልፍ እያዳፋው ተቸገረ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ቀልድ አይደለም። እትዬ ቶንግ ፍሬዋን በፍል ውሃ ዘፍዝፈው፣ በሹፌር ወንበሩ ጎን የምትቀመጥ ብልቃጥ ሞልተው ሰጡት። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ጌንግ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ስታለቅስ መጣች። ለእሷም ያንኑ ሰጧት። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ዝም ማለት ያቅተኛል።

“እትዬ ቶንግ፣ አንዲት ፍሬ እንዴት ያኛውን አንቅታ ይቺን ታስተኛለች?”

“የጎደለውን እያየች ነዋ! የወደቀውን ታነሣለች፣ የተነሣውን ታስቀምጣለች። ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ምንድን ነው ያስተማሩህ?”

“ታሪክ።”

“እሱማ ያለቀ ነገር ነው፣ መምህርዬ። እኔ ስለ ነገ ነው የማወራው።”

የጌንግ ልጅ ሰርግ ላይ በየጠረጴዛው እየዞሩ በየሰው የአረቄ ብርጭቆ ውስጥ ፍሬ ጠብ አደረጉ። “ጉበታችሁን አደራ! ጉበታችሁን አደራ!” በዚያ ሰርግ ሰው ከወትሮው እጥፍ ጠጣ፤ ጉበቱ ዋስ አግኝቷላ። የሙሽራዋ አጎት ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሊዘፍን ሲል ከነጠረጴዛው ወደቀ። በነጋታው ግን ቆሞ ቁርስ በላ። እትዬ ቶንግ ይህን እንደ ምስክርነት ለዓመታት ሲጠቅሱት ኖረዋል።

የበረኛው የጋሽ ፒያዎ ድመት ፀጉሯ ሲረግፍ ለድመቷም ሰጧት። ድመቷ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና ከግቢው ጠፋች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወፍራ፣ ፀጉሯ እየተንጸባረቀ ተመለሰች። ከሥጋ ቤቱ በረንዳ ላይ እንደነበረች ግቢው በሙሉ ያውቃል። “አያችሁ?” አሉ እትዬ ቶንግ። “አንድ ጊዜ ነው የቀመሰችው።” የእኔ ተማሪዎች የመልቀቂያ ፈተና የሚወስዱ ቀን ደግሞ ትልቅ ፔርሙዝ ይዘው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። ያለፈ ተማሪ ያለፈው በፍሬዋ ነው። የወደቀውን በአዘኔታ ያዩትና “ዘሩን ሳይወቅጥ ነው የጠጣው” ይላሉ።

እኔንም አልማሩኝም። ፀጉሬ መሳሳት ሲጀምር፣ ከትዳር ስዘገይ፣ ብዙ ሳነብ፣ ምንም ሳላነብ፣ ጽዋው ፊቴ ነበር። እናቴ የሞተች ሰሞን ብቻ ስለ አምስቱ አካላት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ገብተው ጽዋውን መደቡ ጫፍ ላይ አስቀምጠውልኝ ወጡ። እሱን ጠጣሁት። ጣዕሙን አላስታውሰውም።

አሁን ስለ አተላው መናገር አለብኝ።

በእኛ አገር የተፈላ መድኃኒት አተላው ቤት ውስጥ አይጣልም። መንገድ ላይ ይደፋል፤ አላፊ አግዳሚው እየረገጠ በሽታውን በእግሩ ይዞለት እንዲሄድ። ማንም ከመንገድ ላይ አያነሣውም፣ አይጠርገውም። ተምረናል የምንለውም ብንሆን ለራሳችን ሲሆን ዞር ዞር ብለን አይተን እንደፋለን። የእኛ ግቢ አተላ የሚደፋው በሩ ላይ ነበር፤ ብዙ እግር የሚያልፈው እዚያ ስለሆነ።

ለእትዬ ቶንግ ያ በር ጋዜጣ ነበር። ጠዋት ሙቀጫቸውን ሲጨርሱ ይወጣሉ፣ በጫማቸው ጫፍ ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ያነባሉ፣ ያነበቡትንም ጮክ ብለው ያሰማሉ። “የጌንግ ባል ሆድ ዛሬም አልበረደም፤ የብርቱካን ልጣጭ ጨምረውለታል።” “ይሄ የሹፌሩ የቹ ሚስት ነው። እርጉዝ መሆን ፈልጋለች።” ቹ ሚስቱ ልጅ መፈለጓን የሰማው ከእሳቸው ነው ይባላል፤ ያውም በሩ ላይ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ። አተላ ውስጥ ያልተወቀጠ ዘር ያገኙ ቀን ደግሞ ወንጀለኛውን ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞራሉ። እትዬ ቶንግ ሆድ ውስጥ ያደረ ወሬ የለም። የእኛ ሰው ምስጢር ያለው እንደሆነ አተላውን የሲሚንቶ ፋብሪካው በር ድረስ ተሸክሞ ሄዶ ነው የሚደፋው።

አባቴ ማሳል የጀመረው ለበረዶው ክረምት የሚኮመጥጠው ጎመን በጋን በሚከተትበት ሰሞን ነው።

አባቴን ሰው ጋሽ ሉዋን ይለዋል። ዕድሜውን ሁሉ የፋብሪካው ክሬን ላይ ተቀምጦ ሰውን ቁልቁል ሲያይ የኖረ ሰው ስለሆነ መሬት ላይ ከወረደ በኋላም አንገቱ አልታጠፈም። ሳሉ ደረቅ አልነበረም። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት፤ ሲያየኝ ሚስማሩን ኪሱ ከተተ።

“አባዬ፣ ሆስፒታል እንሂድ።”

“ያ በር እናትህን በእግሯ አስገብቶ እንዴት እንዳወጣት አይተሃል።”

“እሷ ሌላ ነው የታመመችው።”

“እሷም መጀመሪያ ‘ትንሽ ነገር ነው’ ብላ ነው የገባችው። በቃ፣ ሾርባህን ጠጣ።”

ሁለታችንም አንድ ቃል አፋችን ውስጥ ይዘን፣ ሳንተፋው፣ አንድ ገበታ ላይ እንቀመጥ ነበር። ቃሉ ዕጢ ነው። ቶሎ ከታየ ተስፋ እንዳለው፣ ክረምቱ ካለፈበት እንደሌለው አንብቤአለሁ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ እንዳላውቅ ሆኜ ከሌላ ሰው አስለመንኩት። ለማንም እሺ አላለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የፈራሁት እትዬ ቶንግን ነው። መጥተው ጽዋቸውን ይሰጡታል፣ እሱም ጠጥቶ “ተሻለኝ” ይላል፣ ክረምቱም ያልፋል። ስለዚህ በራችን ላይ ቆሜ ልከለክላቸው ቆረጥኩ። የምናገረውን ሁሉ፣ በአክብሮትም በቁጣም፣ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

አልመጡም።

በጡብ ግድግዳ ውስጥ ሳል የሚሰሙት ሴትዮ፣ ለድመት የሚያዝኑት ሴትዮ፣ ጭራሽ አልመጡም። አባቴ መጀመሪያ አልገረመውም፤ ቆይቶ ገረመው፤ በመጨረሻ ተናደደ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮታቸው ሥር ቆሞ፣ ሳሉ ሳይመጣበት፣ ጮክ ብሎ ሲስል አየሁት። መስኮቱ አልተከፈተም። ቀና ብሎ እኔን ሲያይ የጎመን ጋን የሚፈልግ መስሎ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ እትዬ ቶንግን በሩ ላይ መጥረጊያ ይዘው አገኘኋቸው። ጥራጊውን በአካፋ ሰብስበው ወደ ከሰል አመድ በርሜል ሊደፉ ነው።

“ደህና አደሩ፣ እትዬ ቶንግ። ምንድን ነው?”

“የጎመን ቅጠል ነው። ሂድ፣ ተማሪዎችህ ይጠብቁሃል።”

የጎመን ቅጠል አልነበረም። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ገና እንፋሎቱ ያልበረደ አተላ ነበር። የሰው አተላ ከመንገድ ላይ ሲጠረግ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ያውም እሳቸው! አንዱን ሳያነቡ፣ አንድ ስም ሳይጠሩ! ከማን ጋር ተጣልተው ይሆን ብዬ ሄድኩ። የምጨነቅበት ሌላ ነገር ነበረኝ።

አባቴ የፈነዳው ጎመን አጠባው ላይ ነው። የግቢው ሴቶች በሙሉ ቧንቧው ዙሪያ ናቸው፤ እትዬ ቶንግ እጅጌያቸውን ሰብስበው መሐል ላይ። እኔ ጎመን ተሸክሜአለሁ። አባቴ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

“አንቺ ቶንግ! ለፒያዎ ድመት የሰጠሽውን ለእኔ ነፈግሽኝ?”

“ድመቷ አላሳለችም።”

“እኔ ስስል አይሰማሽም?”

“ይሰማኛል። መስኮቴ ሥር ድረስ መጥተህ ስትስልልኝም ሰምቼአለሁ።”

ሴቶቹ ሳቁ። የአባቴ ጆሮ ቀላ።

“ታዲያ?”

እትዬ ቶንግ የያዙትን ጎመን አስቀመጡና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። “ስማኝ ሉዋን። ይቺ ፍሬ በር ዘጊ ናት። ላብ የሚያፈስሰውን ትዘጋለች፣ እንቅልፍ የሚያመልጠውን ትዘጋለች፣ ሳሉንም ትዘጋለች። ሳንባህ ውስጥ ሌባ ገብቶ ከሆነ ግን ከነሌባው ነው የምትዘጋብህ። እኔ ሌባ ቆልፌ አልተኛም።”

“ምን ሌባ?”

“እኔ በምን አውቄ! እሱን የሚያየው የሆስፒታሉ ማሽን ነው። ሂድና ደረትህን ፎቶ ተነሣ። ፎቶውን አምጣና በዓይኔ ልየው። ከሌለ፣ የክረምቱን በሙሉ በከረጢት ትወስዳለህ።”

“ባልሄድስ?”

“አትሂዳ! ይኸው፣ የኮመጠጠ ጎመን ብላ።”

በግቢያችን ታሪክ ፍሬ የተከለከለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። ከሰዓት በኋላ በበሩ ሲያልፍ ጋሽ ፒያዎ ከዘበኛ ቤቱ አንገቱን አውጥቶ፣ “ጋሽ ሉዋን፣ ከድመቴ የተረፈች ትንሽ አለች፣ ላምጣልህ?” አለው። ይህ ሁሉ ለአንድ ክሬን ነጂ ከሚችለው በላይ ነበር። እራት ላይ ዱባውን በመመገቢያ እንጨቶቹ እየወጋ፣

“ነገ ትምህርት አለህ?” አለኝ።

“አለኝ።”

“ቅር።”

ደስታዬን እንዳያይ ፊቴን ጎድጓዳ ሳህኔ ውስጥ ደበቅሁት። እሱም አይቶኝ፣ “ለአንተ ብዬ አይምሰልህ” አለ። “የዚያችን ሴትዮ አፍ ለማስያዝ ነው።”

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ቆመ። ጫማውን ተመለከተ፤ ምንም ያልሆነውን ጫማ። ሰው በግራና በቀኛችን እየገፋን ያልፋል። እጁን ልይዘው ፈለግሁ፣ አልያዝኩትም። ከዚያ፣ “ለአንድ እፍኝ ፍሬ ሰው እዚህ ይገባል!” አለና ገባ። ፎቶ ተነሣ፤ አክታው ተወሰደ፤ በሚዞረው ትልቅ ማሽን ውስጥም ተኝቶ አለፈ። ውጤቱን እስክንሰማ ድረስ የነበሩትን ቀናት አልተርክም። እትዬ ቶንግ በእነዚያ ቀናት ሙቀጫቸውን አላነሡም፤ ግቢው አርፍዶ ሲነሣ ሰነበተ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነጭ ካባዋ ሥር ወፍራም ሹራብ ደርባለች። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለችው።

“ዕጢ የለም” አለች፣ እንዲሁ፣ ሰዓት እንደሚነገር። “እዚህ ጋ የአየር ቧንቧዎቹ ሰፍተዋል። ልጅ ሆነው ክፉ ሳል ታመው ነበር?”

“የታመምኩት በረሃቡ ጊዜ ነው” አለ አባቴ።

“ከዚያ የቀረ ነው። ይቆስላል፣ አክታ ያጠራቅማል። ደሙም የመጣው ከዚያ ነው። መድኃኒት አለው።”

“የምን ደም?” አልኩ።

አባቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ደም መትፋቱን ለሐኪሟ እንጂ ለእኔ አልነገረኝም።

ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። “ዶክተር፣ ሌባ የለም ማለት ነው?”

“ምን?”

“ሌባ። እዚህ ውስጥ።” ደረቱን መታ መታ አደረገ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። “የለም በይው፣ እባክሽ” አልኳት።

“የለም” አለችው።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ሳቄ መጣ፤ ልቆጣጠረው የማልችለው ሳቅ፣ ጎን የሚያም ሳቅ። አጠገቤ የተቀመጠች እርጉዝ ሴት ተጋብቶባት ሳቀች። አባቴ ፊልሙን በብብቱ ይዞ ከላይ ቁልቁል አየኝ፣ ልክ ከክሬኑ ላይ እንደሚያይ። “ተነሣ” አለ። “ሰው ያያል።” የእሱም ከንፈር ይንቀጠቀጥ ነበር።

አውቶቡስ ላይ የሆዱን ዘረገፈው። እኔ ሳላውቅ ከገበያው ማዶ ካለ የባህል ሐኪም መድኃኒት እያስቀመመ ነበር። እኔ እቤት ሳልኖር ያፈላዋል፤ አተላውን ማንም ሳይነሣ በማለዳ የግቢው በር ላይ ይደፋል።

“ትንሽ ቆይቼ ስመለስ የለም” አለ። “ተረግጦ አይደለም፣ ልጄ ሌይ፤ የተረገጠ ነገር ያስታውቃል። ተጠርጎ! አንድ ጊዜ ቢሆን ነፋስ ነው እላለሁ። ሁልጊዜ ነው። በሽታዬን የሚረግጥልኝ እግር እንኳ ጠፋ አልኩ። መሬቱም አልቀበልህም ያለኝ መሰለኝ።”

“ምን ነበረበት አተላው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። የሎተስ ሥር አንጓ። እስኪጠቁር የተቆላ የሣር ሥር።”

የሎተስ ሥር አንጓና የተቆላ የሣር ሥር ለምን እንደሚፈላ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ደም ለማቆም ነው። መጥረጊያው፣ አካፋው፣ ያ ያልበረደ እንፋሎት ትዝ አሉኝ። “የጎመን ቅጠል ነው።” መስኮቱ ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ማን ምን እንደሚደፋ ከእሳቸው የሚያመልጥ የለም። አንብበውታል። የሹፌሩን ሚስት ምኞት ለመንደሩ ያወጁት ሴትዮ የአባቴን ደም ማንም እንዳያነበው ከመንገድ ላይ ጠርገው፣ ለእሱም ለእኔም ሳይተነፍሱ ሆዳቸው ውስጥ አሳድረውታል። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ሄድኩ።

የግቢው በር ላይ ስንደርስ አባቴ ፊልሙን ከፍ አድርጎ እንደ ባንዲራ እያውለበለበ ገባ።

“ሌባ የለም! አንቺ ቶንግ፣ ውጪ! ሌባ የለም! ፍሬዬን አምጪ!”

በሮች ተከፈቱ። ጋሽ ፒያዎ ከነድመቱ ወጣ። እትዬ ቶንግ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ መጥተው ፊልሙን ተቀበሉ፤ ወደ ፀሐይ አነሡትና አተኩረው መረመሩት። ገልብጠው ነው የያዙት። ላቃናው እጄን ስዘረጋ አባቴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። እሳቸው ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አዩት፤ የአባቴ ትከሻዎች ያሉበትን ቦታ በጣታቸው እየተከተሉ።

“ንጹህ ነው” አሉ በመጨረሻ። “ኩላሊቱም ደህና ነው።”

ፎቶው የሳንባ ነበር። ማንም አላረማቸውም።

ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሙቀጫውም ጀመረ። ብዙ ወቀጡ፤ ለአንድ ከረጢት ከሚያስፈልገው በላይ። መሐል ላይ ቆመ። ግቢው በሙሉ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ቆይቶ እንደገና ጀመረ።

አባቴ የሐኪሟን እንክብል ጨረሰ፤ ሳሉ ለቀቀው፤ ቀበቶውን ወደ ድሮው ቀዳዳ መለሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ኖረ፤ ማታ ማታ ፍሬዋን በማር እየጠጣ፤ ለጠየቀው ሁሉ ያዳነችኝ እሷ ናት እያለ። እንክብሉን አንድም ቀን ስሙን አላነሣውም።

እኔን ግን አንድ ጥያቄ ይዞኝ ቀረ። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የድሮ ሐኪሞችን መጻሕፍት አገላበጥኩ። ሌባው አለ፤ እሳቸው እንዳሉት በርና መቆለፊያው ሁሉ ተጽፏል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት የእኛ ረድፍ በሙሉ ሲስል እትዬ ቶንግ ለሁሉም በገፍ ሲያድሉ ስለ ሌባ ያነሡት ነገር አልነበረም። የጌንግ ባል እንደ አሮጌ ሞተር እየሳለ ነው የጠጣው። ታዲያ ሌባው ከየት መጣ? አንድ ቦታ የሰሙት ነገር ድንገት ትዝ አላቸው? ወይስ ልጁ ለምኖ ያቃተውን ግትር ሰው ወደዚያ በር የሚያስገባው ስድብ ብቻ መሆኑን አውቀው፣ በጎመን አጠባ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሆን ብለው ሰደቡት? ፍሬዋን ከልባቸው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ለሚወዱት ሰው መከልከል ምን ያህል እንደከበዳቸው አስባለሁ።

ክረምቱን በሙሉ ልጠይቃቸው እየሄድኩ ፍሬ ተሸክሜ ተመለስኩ። ብቻቸውን አይገኙም። አንዷ ወገቧን ይዛ ገብታለች፣ አንዱ የጨነቀው ሕፃን አቅፏል። አንድ ጊዜ “እትዬ ቶንግ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት” ስላቸው ምላሴን እንዳወጣ አዘው፣ አይተው፣ “አላገባህም፣ ለዚህ ነው” አሉኝ።

በረዶው ሲቀልጥ ባሕር ጠርዝ ላይ ባለችው በቺንግዳኦ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ወለደችና ወሰደቻቸው። የሚሄዱበት ቀን ግቢው በሙሉ በሩ ላይ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት ከረጢት፣ ለእያንዳንዱ ከረጢት ትእዛዝ። አውቶቡሱ ውስጥ ሙቀጫው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል፤ ሻንጣ ጫኚውን አላመኑትም። አባቴ የአውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሞ፣ “አንቺ ቶንግ፣ ባሕሩን ደግሞ አምስት ጣዕም አለው እንዳትዪው!” አለ። “አንዱ አለው፣ ሌላውን እጨምርለታለሁ!” አሉት።

ሰዉን ገፍቼ ደረስኩ። የአውቶቡሱ ሹፌር ሞተሩን አስነሥቷል።

“እትዬ ቶንግ፣ ያን መጸው በሩን ሲጠርጉ…”

“ደረቅ ቦታ አስቀምጠው!” አሉ፣ የእኔን ከረጢት በመስኮቱ እያቀበሉ።

“…የማን እንደሆነ ያውቁ…”

“ዘሩን!”

“ሌባውንስ…”

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። መስኮቱን ዘጉት፤ መስታወቱን ወዲያው እንፋሎት ሸፈነው። ፊታቸው ጠፋኝ። እስከ መታጠፊያው ድረስ የታየኝ ጡጫቸው ብቻ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ አየሩን እየወቀጠ።